ላቬንደር ከክረምት በኋላ ከሥሩ እየደረቀ ነው፣ የተረፈውም አያብብም

እሙ_ሰሚት · ጥቅምት 4
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቦታው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ነው። አጥር ጥግ 9 ሜትር በሚሆን መደብ ላይ 18 የላቬንደር ችግኝ ተተክሎ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አፈሩ ጥቁር፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ዓይነት። ከነሐሴ ወዲህ የታችኛው ቅጠል መጀመሪያ ቢጫ ይሆንና ይገረጣል፣ ከዚያ ይጠቁራል፤ ድርቀቱም ወደ ላይ ይወጣል። ስድስቱ አልቀዋል። የቀሩት 12 ለምለም ናቸው፣ ግን እስከዛሬ አንድም አበባ አላወጡም። ሲተከሉ በየጉድጓዱ ግማሽ ባልዲ የከብት ፍግ ገብቷል፤ ዩሪያም ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል። በበጋ በሁለት ቀን አንዴ በጎማ ይጠጣሉ። የትኛውን ፀረ ፈንገስ ልርጭ?

ቀይአፈር · ጥቅምት 4
ርጭቱ ይቆይ። የሞተውን ተዉትና መሞት የጀመረውን አንዱን ከነአፈሩ ይንቀሉ፤ ሥሩን በባልዲ ውሃ ቀስ አድርገው ይጠቡት። ጤነኛ የላቬንደር ሥር ነጣ ያለና ሲጎትቱት የማይበጠስ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ፣ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት የውጭ ልጡ ተንሸራቶ እጅዎ ላይ ይቀርና መሃል ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ይተርፋል። ይህን ካዩ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር መበስበስ ነው። ውሃ ባቆረ አፈር ውስጥ በውሃ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር የሚሄድ ነገር ነው፤ ስለዚህ በአንድ መስመር የተተከሉ ተራ በተራ ይሞታሉ።

ሰውን የሚያታልለው ምልክቱ ነው። ሥሩ ሲበሰብስ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ላይ ያለው ቅጠል የተጠማ ይመስላል፤ ባለቤቱ አዝኖ ውሃ ይጨምራል፤ ያኔ አለቀለት። ጠዋት አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ጠውልጎ ካገኙት ጥም አይደለም።

ለድንች የሚረጨው ፀረ ፈንገስ፣ ሪዶሚልና መሰሎቹ፣ በሽታውን ያዘገዩታል እንጂ የበሰበሰ ሥር አይመልሱም። አፈሩ ሳይስተካከል መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዛሬውኑ አንድ ነገር ይሥሩ። መደቡ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ሲሰርግ እንደገና ይሙሉትና በአንድ ሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ በእንጨት ለክተው ይጻፉልን። የቅጠሉንም ጠርዝ ይዩልን፤ ልሙጥ ነው ወይስ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ?

መቀስ_አይፈራም · ጥቅምት 4
ቀይአፈር ያለው ሁሉ ልክ ነው። ለተረፉት 12 ግን ጽጌረዳን እንደምንገርዘው ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጪያቸውና አዲስ ይወጣሉ።

ቀይአፈር · ጥቅምት 5
እባክዎ ይህን እንዳያደርጉ። ጽጌረዳ ከአሮጌ እንጨት ላይ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ላቬንደር ቅጠል ከሌለው ቡናማ እንጨት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያወጣም። የጥብስ ቅጠልም ያው ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። 10 ሳንቲ ላይ ከተቆረጡ ከ12ቱ አብዛኞቹ ጉቶ ሆነው ይቀራሉ። ስለ መግረዝ ከታች እንመለስበታለን።

እሙ_ሰሚት · ጥቅምት 5
በአንድ ሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወረደ። ሥሩ እንደተባለው ነው፣ ልጡ እጅ ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ጠባብ፣ ግራጫ ቢጤ፣ ጠርዙ ልሙጥ ነው። ችግኙ ከፓኬት ዘር የበቀለ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የእንግሊዝ ላቬንደር ይላል።

ቀይአፈር · ጥቅምት 5
እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንዱ መሬቱ፣ አንዱ ዓይነቱ። ስለ መሬቱ ልበል፤ ስለ አበባው ሌላ ሰው ይናገር።

በሰዓት ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በታች የሚሰርግ መሬት ለላቬንደር አይሆንም። ይህ ተክል የመጣው ከሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ከኖራ ድንጋይና ከጠጠር ተዳፋት ነው። እዚያ ዝናቡ በብርዱ ወራት ይዘንብና ተክሉ በሚያድግበት ሙቀት መሬቱ ደረቅ ነው። እኛ ዘንድ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ተክሉ ሊያድግ በሚፈልግበት መጠነኛ ሙቀት ውስጥ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ኮትቻ፣ ማለትም ይህ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር፣ ደግሞ አንዴ ከጠጣ አይለቅም። የአየር ንብረቱን መቀየር አይቻልም፤ ሥሩን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ግን ይቻላል።

መፍትሔው መቆፈር አይደለም፣ መከመር ነው። ብዙ ሰው ኮትቻውን ግማሽ ሜትር ቆፍሮ ጠጠርና ጥሩ አፈር ይሞላበታል። ዙሪያው ውሃ ስለማያሳልፍ ያ ጉድጓድ ገንዳ ይሆናል፣ ከድሮው ይብሳል። ይልቅ ላዩን በመቆፈሪያ 10 ሳንቲ ያህል ብቻ አላልተው በላዩ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ይሥሩ፤ ከሥር 80፣ ከአናቱ 50 ሳንቲ ስፋት። ለ9 ሜትር ወደ 1.75 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ድብልቁ በመጠን 6 እጅ ቀይ አፈር፣ 4 እጅ ሬድ አሽ (መንገድና ብሎኬት ላይ የሚውለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው)፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ወደ ሜትር ኩብ ሲቀየር አፈር 0.95፣ ጠጠር 0.65፣ ኮምፖስት 0.16 ገደማ ነው። ስለሚሰፍር ከአሥር አንድ እጅ ጨምረው ይዘዙ። ጎርፍ ከሚመጣበት ወገን ደግሞ 20 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ይውጣለት። አጥሩ ግንብ ከሆነ ከግንቡ 50 ሳንቲ ይራቁ፤ የጣሪያ ጠብታ ካለ ደግሞ ከጠብታው መስመር ይሽሹ።

ፍግ የለም። ዩሪያም የለም። በሁለቱም ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ሲበዛ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ቅርንጫፉ ይረዝምና ይወድቃል፣ አበባው ይቀራል፤ ለስላሳው አካልም ለፈንገስ ይመቻል።

አሸዋ_ሻጭ_አይደለሁም · ጥቅምት 6
ለኮትቻ አሸዋ ቢቀላቀልበትስ? ከሬድ አሽ ይልቅ አሸዋ በየቦታው ይገኛል።

ቀይአፈር · ጥቅምት 6
ደቃቅ አሸዋ በትንሽ መጠን ከሸክላ አፈር ጋር ሲደባለቅ ሸክላው በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላውና ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ለውጥ እንዲያመጣ ከግማሽ በላይ ሻካራ አሸዋ መግባት አለበት፤ ያ ደግሞ አፈር መቀየር ማለት ነው። ሬድ አሽ በውስጡ ቀዳዳ ስላለው አየር ይይዛል፣ ቅርጹም አይፈርስም። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ጀምሮ እስከ ስምጥ ሸለቆ ስላለ ብርቅ አይደለም።

ደጀን_ቅጠል · ጥቅምት 6
ስለ አበባው እኔ ልመልስ።

የእንግሊዝ ላቬንደር የሚባለው ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ ነው። ስሙ የእንግሊዝ ይባል እንጂ የፕሮቫንስ (ደቡብ ፈረንሳይ) እና የደቡብ አውሮፓ ተራሮች ተክል ነው። አበባ ለመቋጠር ሁለት ነገር ይጠብቃል። አንደኛው ቅዝቃዜ ነው። ሙንስቴድ የሚባለውን ዓይነት የሚያበቅሉ ነጋዴዎች ሁሉም ተክል እኩል እንዲያብብ 5 ዲግሪ አካባቢ ላይ 10 ሳምንት ያህል ያቆዩታል። ሁለተኛው ረጅም ቀን ነው። ፕሮቫንስ ላይ በሰኔ ቀኑ ከ15 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ዓመቱን ሙሉ ቀናችን ከ11 ሰዓት ተኩል በላይና ከ12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በታች ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግን በማግሥቱ ቀትር ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ቅዝቃዜው አይጠራቀምም። ስለዚህ የእሙ 12 ተክሎች ታመው አይደለም ያላበቡት፤ ብርዱና ረጅሙ ቀን ነው ያልደረሰላቸው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ ባለበት ደጋ ትንሽ ይሻሻላል፤ ያም ሆኖ ቀኑ ያው አጭር ነው።

ለአዲስ አበባ የሚሆነው ላቫንዱላ ዴንታታ ነው፤ ቅጠሉ ጠርዙ ላይ በደንብ የተጠረበ ጥርስ ያለው። ቅዝቃዜ አይጠይቅም፣ ፀሐይ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ያብባል። መዓዛው ወደ ካምፎር ያደላል፤ ለልብስ ሳጥንና ለሻይ የታሰበ ከሆነ የእንግሊዙን አይተካም። ለአጥር ጥግ ግን ከእሱ የተሻለ የለም። እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በ70 ሳንቲ ርቀት ይተከል። በ9 ሜትር ላይ 18 ሳይሆን 12 ወይም 13 ይበቃል።

ሦስተኛው ስቶይካስ ነው፤ የአበባው አናት ላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ የቆሙ ቅጠሎች አሉት። እሱም ብዙ ብርድ አይፈልግም፤ ነገር ግን ኖራ የበዛበት አፈር አይወድም፣ ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ አሲዳማ ይሻላል። የምዕራቡ ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ይህን አስቡበት።

ዘር የምትገዙ ሰዎች ደግሞ ይህን እወቁ። ፓኬት ላይ ግሮሶ ወይም ፕሮቫንስ ተብሎ ዘር ቢሸጥ አትመኑ። እነዚህ ላቫንዲን የሚባሉ ድቅሎች ናቸው፤ መካን ስለሆኑ ዘር አይሰጡም፣ በቁራጭ ብቻ ነው የሚባዙት።

መቀስ_አይፈራም · ጥቅምት 7
እሺ ተቆጣችሁኝ። እንግዲያውስ እንዴት ነው የሚገረዘው? የብዙ ሰው ላቬንደር ሦስት ዓመት ሲሞላው መሃሉ ባዶ ሆኖ እንደ ወንበር ይከፈታል።

ደጀን_ቅጠል · ጥቅምት 7
የሚከፈተው ሳይገረዝ ስለሚከርም ነው። መግረዝ የሚጀመረው በመጀመሪያው ዓመት፣ ተክሉ ገና 20 ሳንቲ ሳለ ነው፤ አናቱን መቅጠፍ። ያኔ ከታች ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ አበባው እንዳለቀ፣ የአበባውን ዘንግና ከቅጠሉ ሲሶውን ያህል ይቆረጣል። መቀሱ የት እንደሚያርፍ እንዲህ ይታወቃል። አንዱን ቅርንጫፍ ይዛችሁ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ቅጠሉ እየሳሳ ሄዶ ግንዱ ቡናማ የሚሆንበት ቦታ አለ። ከዚያ ቦታ ከፍ ብሎ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ሦስት ጥንድ ቅጠል ይቅር። በቅጠሉ ብብት ላይ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ እንቡጥ ካለች ከእሷ በላይ መቁረጥ ይቻላል፤ እንቡጥ ከሌለ አይነካም። ቅርጹ የኳስ ግማሽ ይሁን፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ዝናብ መሃሉ ላይ ይቀመጣል።

ዴንታታ ያለማቋረጥ ስለሚያብብ አንዴ በኃይል ከመቁረጥ በየሦስት ወሩ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ መቁረጥ ይስማማዋል። ለአዲስ አበባ ዋናው ጊዜ መስከረም መጨረሻ፣ ፀሐዩ ሲወጣ ነው። ግንቦት ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ፤ ውስጥ ለውስጥ የደረቁትንና መሬት የሚነኩትን ቅርንጫፎች ነቅሎ ማውጣት፣ ክረምቱ ሳይገባ ከሥር ነፋስ እንዲያልፍ። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ለእኔ ከፀረ ፈንገስ ይበልጣል።

መሃሉ የተከፈተ ተክል ካላችሁ የሚድነው በጥንቃቄ ነው፤ ከታች እንቡጥ የያዙትን ቅርንጫፎች ፈልጉ፣ ሲሶዎቹን ብቻ ዘንድሮ አሳጥሩ፣ ሲያቆጠቁጡ የቀሩትን። ምንም እንቡጥ ከሌለ ከጫፉ ቁራጭ ወስዳችሁ እናቱን ንቀሉ።

ኮንዶሚኒየም_4ኛ · ጥቅምት 7
በረንዳ ላይ በማሰሮ ማን ሞክሯል? ከታች ጠጠር ተደርጎ ላዩ አፈር ነው፣ ግን ያው ይበሰብሳል።

የሸክላ_ማሰሮ · ጥቅምት 8
ጠጠሩ ነው ጉዳዩን ያባሰው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ ታችኛው ጫፍ ላይ እስኪጠግብ ድረስ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ጠጠር ሲገባ ያ እርጥብ ሽፋን ከማሰሮው ወለል ተነሥቶ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ጠጠሩን አውጥታችሁ ከአፈሩ ጋር አደባልቁት፤ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ሬድ አሽ ወይም ፐርላይት (ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)። ቀዳዳው ላይ አንድ የወንፊት ቁራጭ ይበቃል።

ማሰሮው ያልተቀባ ሸክላ፣ ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ገደማ ይሁን። ትንሽ ችግኝ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አይግባ፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ከሥሩ ሳህን አይቀመጥለት፤ ሦስት የብሎኬት ስባሪ ላይ ይቁም። ውሃ በቀን መቁጠሪያ አይሰጥም። ጣት እስከ 5 ሳንቲ አስገብታችሁ ደረቅ ከሆነ፣ ወይም ማሰሮውን ስታነሡት ከቀለለ፣ ያኔ ከቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ አጠጡት። ካልደረቀ ተዉት።

በረንዳው ወዴት ያያል? ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ ድረስ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በደቡብ። ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ በበጋ ግሩም ነው፣ በክረምት ጣሪያው ይከልለዋል። ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ የጥብስ ቅጠልም ይቸገራል፣ ላቬንደር ይቅርባችሁ።

ቤርሼባ_ደጅ · ጥቅምት 9
ከእስራኤል ነው። እዚህ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ በብርዱ ወራት ነው፣ ሞቃቱ ወራት ደረቅ ነው፣ ለላቬንደር የተፈጠረ አገር ነው፤ ዴንታታው በየመናፈሻው አለ። የሚያስቸግረን ግን አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ነው። የኔጌቭ አፈር ኖራ የበዛበት ነው፣ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ 7 መሃከለኛ ነው) 8 አካባቢ ነው፤ ብረት አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ መሳብ ያቅተዋል።

ልዩነቱን ለማወቅ ቅጠሉ የት ቢጫ እንደሆነ ተመልከቱ። ከላይ፣ አዲሱ ቅጠል ላይ፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ከገረጣ የብረት እጥረት ነው። ከታች፣ አሮጌው ቅጠል ላይ፣ እኩል ከገረጣ ናይትሮጂን ወይም የሥር ችግር ነው። እንደ እሙ ያለው ከታች ጀምሮ የሚጠቁረው መበስበስ ነው። ብረት ስትገዙ ኢዲዲኤችኤ የሚል ጽሑፍ ይኑርበት፤ እዚህ ሴኩስትሪን 138 ብለው የሚሸጡት ቀይ ዱቄት እሱ ነው። ተራው የብረት ሰልፌት በኖራ አፈር ላይ ወዲያው ታስሮ ይቀራል፤ ኢዲቲኤ የሚባለውም ፒኤች ከ7 ሲያልፍ ይዳከማል። ለትንሽ ቁጥቋጦ 5 ግራም ገደማ በ2 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አፈሩ ላይ አፍስሱ፣ ቅጠሉ ላይ አይደለም። ንጣፍና ልብስ ስለሚያቀላ ተጠንቀቁ። ለውጡ የሚታየው ከዚያ በኋላ በሚወጣው ቅጠል ላይ ነው።

የጠብታ መስኖ ያላችሁ፣ ማንጠባጠቢያው ግንዱ ሥር አይሁን። በሁለት ወገን ከግንዱ 20 ሳንቲ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ከሣር ጋር በአንድ መስመር ላይ ከተገጠመ ደግሞ ላቬንደሩ ይሞታል፤ ሣሩ በየቀኑ ይጠጣል፣ እሱ በበጋ እንኳ ሥር ከሰደደ በኋላ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል።

ሜሪላንድ_ጓሮ · ጥቅምት 9
እኛ ዘንድ፣ ሜሪላንድ አሜሪካ፣ ደግሞ የሚገድለው የሞቃቱ ወራት እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌሊቱም ወበቅ ስለሆነ የቁጥቋጦው መሃል ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፤ ቅጠሉ ግራጫ ነጠብጣብ እያወጣ ከውስጥ ይረግፋል። ሴፕቶሪያ የሚባለው የቅጠል ነጠብጣብ ይበዛል። እንደ አዲስ አበባ ክረምት ማለት ነው፣ በሙቀት ተጨምሮበት።

የምናደርገው ሦስት ነገር ነው። ከእንግሊዙ ይልቅ ላቫንዲን እንተክላለን፤ ፌኖሜናል የሚባለው እርጥበትንም ብርድንም በደንብ ይችላል። ርቀቱን እናሰፋለን፣ 90 ሳንቲ ሜትር። ከሥሩ እንጨት ፍቅፋቂ ሳይሆን ነጣ ያለ ጠጠር 5 ሳንቲ ውፍረት እናነጥፋለን፤ ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ ዝናብ አፈር እንዳይረጭበትም ይከላከላል። እንጨትና ገለባ እርጥበት ይይዛል። ለእሙም የሬድ አሹ ጠጠር ለዚህም ይሆናል።

ፍራንክፈርት_በረንዳ · ጥቅምት 10
አውሮፓ ያላችሁ፣ በመስከረምና በጥቅምት አትቁረጡ፤ አዲስ የሚወጣው ቀንበጥ ለውርጭ ይጋለጣል። ዋናው ቁረጣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ውርጩ ሲያልፍ ነው። ስቶይካስና ዴንታታ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ከወረደ ይጎዳሉ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ የእንግሊዙ ዜሮ በታች 20ንም ይችላል፣ ማሰሮው ውሃ ካላቆረ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለቤተሰብ ጥሩ ዓይነት ቁራጭ በሻንጣ ይዞ አዲስ አበባ መግባት ይቻላል? ብዙ ሰው ያደርገዋል።

ደጀን_ቅጠል · ጥቅምት 10
አያድርጉት። ምክንያቱ ሕግ ብቻ አይደለም። ዛይሌላ ፋስቲዲዮሳ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በፈረንጆች 2013 ላይ በጣሊያን ፑሊያ የወይራ ዛፎችን ሲያደርቅ ተገኘ፣ በፈረንጆች 2015 ላይ በፈረንሳይ ደሴት ኮርሲካ ታየ። የሚኖረው በተክሉ የውሃ ቧንቧ ውስጥ ነው፤ የሚያጓጉዙት ጭማቂውን የሚመጥጡ ነፍሳት ናቸው። ላቬንደር ከሚይዙት ተክሎች አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ምንም ምልክት ሳያሳይ ይዞ ይቆያል። ቡናም ይይዘዋል፤ ብራዚልና ኮስታሪካ ላይ በቡና ላይ ይታወቃል። ለአንድ ማሰሮ አበባ ተብሎ ይህን ቡና ወዳለበት አገር ይዞ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሕያው ተክል ከውጭ የሚገባው በማስገቢያ ፈቃድና ከተላከበት አገር በተሰጠ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ነው። ዴንታታው አዲስ አበባ ችግኝ ጣቢያዎች ውስጥ ስላለ ሻንጣ አያስፈልገውም።

በዚያው፣ ቅርንጫፉ ላይ ምራቅ የመሰለ አረፋ ካያችሁ ውስጡ የነፍሳት እጭ ነው። ዛይሌላ በሌለበት አገር ጉዳቱ ከቁጥር አይገባም፤ በጎማ ውሃ ማጠብ ይበቃል።

አልፋልፋ_ሰፈር · ጥቅምት 11
ቅጠሉ ላይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀለም የተረጨበት የመሰለ ዝንጉርጉር ነገር አለ። ብረት ሰጠን፣ አልተለወጠም።

ቤርሼባ_ደጅ · ጥቅምት 11
ዝንጉርጉሩ በአንዳንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ከሆነና ቢጫው ከደመቀ የአልፋልፋ ሞዛይክ ቫይረስ ነው። ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥጡት ጥቃቅን ነፍሳት) ከተክል ወደ ተክል ያሻግረዋል፣ መቀስም ያሻግረዋል። ለከብት መኖ አልፋልፋ አጠገብ ከተዘራ ምንጩ ሩቅ አይደለም። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል፣ መቀሱን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉ በ70 በመቶ አልኮል መጥረግ። ከእሱ ቁራጭ ለመትከል እንዳይወሰድ።

ዱባይ_ጥላ · ጥቅምት 12
ባጭሩ ከዱባይ። ዴንታታ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብቻ እንደ ወቅት አበባ ይያዝ፤ ሞቃቱን ወራት ማሻገር ከባድ ነው። ማሰሮው ላይ ነጭ ቅርፊት ከወጣ ጨው ነው፤ የማሰሮውን ሦስት እጥፍ ያህል ጨው የሌለበት ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፣ ይታጠባል። የቅጠሉ ጫፍ ብቻ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

እሙ_ሰሚት · ጥቅምት 12
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መደቡ ይከመራል፣ ዴንታታ ይተከላል። ሦስት ጥያቄ ቀርቶኛል። የተረፉት 12 ይዛወሩ ወይስ ይጣሉ? ዴንታታው ውድ ስለሆነ ከሁለት ችግኝ ቁራጭ ወስዶ ማባዛት ይቻላል? ያው ቦታ ላይ መትከሉስ በሽታውን አይመልስም?

ቀይአፈር · ጥቅምት 13
ከ12ቱ ወደ ሞቱት የቀረቡት ሥራቸው ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲነቅሏቸው ሥሩን አይተው ጤነኛውን ብቻ ያስቀሩ። የሁለት ዓመት ተክል ከ25 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ከወጣ ይተርፋል፤ አናቱን ሲሶ ቆርጠው ለሁለት ሳምንት ጥላ ይሥሩለት። አበባ ግን አይጠብቁ፣ ለግራጫ ቅጠሉ ብቻ ነው የሚቆየው።

ስለ ቦታው፣ ፋይቶፍቶራ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከሞቱት ሥር ያለውን አፈር 30 ሳንቲ ያህል አውጥተው ሌላ ላቬንደር ወይም የጥብስ ቅጠል የሌለበት ቦታ ይጣል፤ ጉድጓዱን በዚያው በአካባቢው ኮትቻ ጠቅጥቀው ይሙሉት፣ በጠጠር አይሁን፣ ገንዳ እንዳይሆን። አዲሱ መደብ ከፍ ስላለ ሥሩ ከእርጥቡ ርቆ ይቀመጣል። አካፋውን ሌላ መደብ ላይ ሳትጠቀሙበት እጠቡት።

ደጀን_ቅጠል · ጥቅምት 13
ቁራጩ ይቻላል፣ አሁን ጥሩ ጊዜ ነው። አበባ ያልያዘ፣ ሥሩ ጠንከር ጫፉ ለስለስ ያለ ቅርንጫፍ ይመረጥ። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከቅጠል መገጣጠሚያው ሥር ወዲያው በስለት ይቆረጥ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ። የሥር ማውጫ ዱቄት ካለ ጫፉን ንከሩት፤ ከሌለም ያወጣል፣ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ። ግማሽ ሻካራ አሸዋ ግማሽ ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ውስጥ በ5 ሳንቲ ርቀት ይተከል። ላዩ ላይ ፕላስቲክ ካለበሳችሁ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱት፤ የላቬንደር ቁራጭ ከድርቀት ይልቅ በሻጋታ ነው የሚሞተው። ቀጥተኛ ፀሐይ አይምታው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሥር ያወጣል፤ ቀስ አድርጋችሁ ስትስቡት እምቢ ካለ ይዟል። ከዚያ ወደ 10 ሳንቲ ማሰሮ፣ አናቱን አንዴ መቅጠፍ፣ በጥርና በየካቲት መሬት ላይ መትከል። ሰኔ ሳይደርስ ሥር መስደድ አለበት። ክረምት ገብቶ ከሆነ እስከ መስከረም በማሰሮ ይቆይ።

አዲስ የተተከለው እስኪይዝ በ5 ቀን አንዴ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሊትር ያህል። ከሦስት ወር በኋላ በ10 ቀን አንዴ። በሰኔ ጎማው ይሰቀል።

ቀይአፈር · ጥቅምት 13
አንድ ነገር ልጨምር። ሬድ አሹ በመኪና ሲመጣ ግማሹ ዱቄት ይሆናል። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን በወንፊት ለዩትና ለመንገድ አድርጉት፤ ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሻጩ ሲጭን ቆማችሁ እዩ፤ በካሬ ሳይሆን በሜትር ኩብ ተነጋገሩ።